የየወርቅውሃ አውራ ጣት

የወርቅውሃ ሹሩባ ስትሠራ ወስፌ አትነካም ነበር። ሌላዋ ሠሪ የፀጉሩን መስመር በወስፌ ጫፍ ታወጣለች። እሷ የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር አሳድጋ፣ በድንጋይ ሞርዳ፣ በእሱ ነበር ከግንባር እስከ ማጅራት አንድ ጊዜ ስባ የምትከፍለው። መስመሩ ዝንፍ አይልም። የአምባው ሴቶች «መንግሥት ቀደም ብሎ አግኝቷት ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ በጥፍሯ ያስቀይሳት ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ሳቅ በዚያ አምባ ብዙም አይገኝም። ከአሶሳ በትራክተር ግማሽ ቀን ተሂዶ፣ ቀርከሃ ተመንጥሮ፣ የሣር ጎጆ በረድፍ በረድፍ የተተከለበት ቦታ ነው። ሰፋሪው ስም እንኳ አላወጣለትም፤ በቁጥር ነበር የሚጠራው። የወርቅውሃ የመጣችው ከወሎ፣ ከየጁ ወገን ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ድርቁ ሲጠና «እህል ይታደላልና ውረዱ፣ ተመዝገቡ» ተባለ። ባሏ ሰምቶ ይዟት ወረደ፤ ተመዘገቡም። ለእህል የተመዘገበ ሁሉ ለጉዞ የተመዘገበ መሆኑን ያወቁት መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ከመኪናው ወደ አውሮፕላን ሆድ፣ ከአውሮፕላኑ ደግሞ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጡ። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ባሏን ወባ ወሰደው። ልጅ አልነበራቸውም። የወርቅውሃ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሙቀት፣ ብቻዋን ቀረች።

ብቻውን የቀረ ሰው እዚያ ብዙ አይቆይም። እሷን ያቆማት ሹሩባው ነው። ሹሩባ በገንዘብ አይሠራም፤ ሴቶቹ ራሳቸውን ይዘው ሲመጡ እጃቸውንም ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ጓሮዋን ታርምላታለች፣ አንዷ እንጨት ትጥልላታለች፣ ሌላዋ ጣሪያዋ ሲያፈስ ባሏን ልካ ሣር ታስለብስላታለች። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ወሬው ነበር። ሴት ራሷን በሌላ ሴት ጭን ላይ ከጣለች በኋላ የማትናገረው ነገር የለም። የወርቅውሃ የአምባውን ኀዘንና ሐሜት ሁሉ በጣቶቿ መካከል እያሳለፈች ትውል ነበር፤ ለእሷ መኖር ማለት ያ ነበር።

ከሁሉም የምትቀርባት የሺሀረግ ነበረች፤ ጎረቤቷ፣ የአገሯ ልጅ፣ በአንድ መኪና የተጫነች። የሺሀረግ እዚህ ከደረሱ በዓመቱ ስትወልድ ዝናቡ መንገድ ዘግቶ ስለነበር አዋላጅ አልተገኘም። የወርቅውሃ ነች ልጁን በእጇ የተቀበለችው። አባይ አሉት። በአምባው ተወልዶ ዓመት የደፈነ የመጀመሪያው ልጅ ስለሆነ ሁሉም የእኔ ነው ይለው ነበር፤ የወርቅውሃ ግን ከሁሉ አብልጣ ትለው ነበር።

ነገር የጀመረው ከጫማ ነው። ለሰፋሪው የሸራ ጫማ በእርዳታ መጣ። በአገሩ በባዶ እግሩ ተራራ የወጣ ሰው ሁሉ ጫማ ተጫማ ተባለ፤ ደስ አለው። ማንም ግን ይኼ ጫማ በጭቃ ርሶ፣ በእግር ላይ ደርቆ፣ ደግሞ ርሶ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሲውል ሲያድር እግሩን ምን እንደሚያደርገው አልነገረውም። የባል ጫማ ለሚስት፣ የሚስት ለእኅት ይዞር ነበር። የየወርቅውሃ እግር ጥፍሮች መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፤ ከቁብም አልቆጠረቻቸው። የእግር ጥፍር ማን ያየዋል? በክረምቱ እጇ ከአረምና ከእርጥብ አፈር ሲወጣ ቅቤ ውስጥ፣ ከቅቤ ሲወጣ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ በዓመቱ የቀኝ አውራ ጣቷም ያንኑ መልክ ያዘ። ያ የምትኮራበት ጥፍር ከጫፉ ነጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ እንደ አሮጌ ቀንድ ተሸራረፈ። ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፍ ጀመር።

ደበቀችው። በጨርቅ ጠቅልላ «እሾህ ወጋኝ» አለች፤ ሁለት ወር ሙሉ እሾህ ወጋኝ አለች። በግራ እጇ መስመር ማውጣት ሞከረች፤ መስመሩ ጠመመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለ ያደገ ሕዝብ ነው፤ ታዲያ ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል እንጂ ማንም አይሠራበትም።

በሰባ ዘጠኝ ሰኔ ላይ ነው የታወቀባት። የሺሀረግ ራሷን አስጠግታ እየተሠራች፣ አባይ ከፊት ለፊታቸው በአንድ ባዶ ቆርቆሮ እየተጫወተ፣ ጨርቁ በቅቤ ርሶ ከጣቷ ተንሸራተተ። የወርቅውሃ አላየችውም። በልማዷ አውራ ጣቷን ከግንባር አንሥታ ስትስብ ጥፍሩ ከሥጋው ለቆ ተሰበረና ቁራጩ የየሺሀረግ ነጠላ ላይ ወደቀ።

የሺሀረግ አነሣችው። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ቀጥሎም የየወርቅውሃን ጣት ይዛ አየች፤ ወዲያው እንደ ፍም ለቀቀችው።

«የወርቄ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እሾህ ነው አልኩሽ እኮ እታለም።»

«እሾህ እንዲህ አያደርግም» አለችና ተነሣች። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ነበር። «አጎቴ እንዲህ ነበር የጀመረው፤ ከጥፍሩ። መጨረሻው ላይ ጣት አልነበረውም።» አባይን ብድግ አድርጋ፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ ወጣች። ቀሪውን ግማሽ ሌላ ሴት ጨረሰችላት።

እዚያ አምባ የሚፈራ ነገር ብዙ ነው፤ ቁምጥናን የሚያህል ግን የለም። የሺሀረግ ክፉ ሴት አልነበረችም። ፈራችና ለአንዲት ነገረች፤ ያቺም ለሌላዋ። በሳምንቱ የየወርቅውሃ ደጃፍ ኦና ሆነ። ጓሮዋን አረም ዋጠው። ከወንዝ ስትቀዳ ሌሎቹ እንስራቸውን ይዘው ከእሷ በላይ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን በሚሏት የሣር ዳስ የቁርባን ዕለት ከበሩ አጠገብ ቦታ ለቀቁላት፤ ማንም አላዘዘም፣ ቦታው ራሱ ሰፋ። በሬ ሲወድቅ ቢላ ይበዛል፤ የቆየ ነገር ሁሉ እየተነሣ ባሏም በወባ ሳይሆን በዚሁ ነው የሞተው ተባለ። ሁሉንም ትሰማ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚያ ራሶች ወደ ጭኗ እንዲመለሱ።

አንድ ቀን ከአካባቢው መንደር ማንጎ ይዛ የምትመጣው ኢንዓም የምትባል የበርታ ሴት ደጇ ላይ አረፈች። ኢንዓም ወሬውን ስላልሰማች እጇን ይዛ ሰላም አለቻት። በሁለት ወር ውስጥ እጇን የያዛት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ የወርቅውሃ እንባዋ መጣ።

«ምን ሆነ? ይሄ ነው?» አለች ኢንዓም ጣቷን አገላብጣ። «ወላሂ ይሄ ጥፍር ነው። እኔ አለ፣ አባቴም አለ፣ ያው ይሠራል፣ ይበላል። ሐኪም ሂድ፣ ገቢሳ ያያል።» ጫማዋን ገፋ አድርጋ የራሷን የእግር ጥፍር አሳየቻት። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ልክ የእሷን ይመስል ነበር።

ገቢሳ የአምባው ጤና ረዳት ነው። ከባምባሲ በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ ሰው። ሰፋሪው «ዶክተር» ይለዋል፤ ቢከለክላቸው ቢከለክላቸው አልሰሙትም። የወርቅውሃ ገብታ ጣቷን ስትዘረጋለት ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ገቢሳ መርፌ አወጣና ጣቷን ጫፍ ላይ ወጋት።

«ኡህ!»

«ያማል፣ አዴ?» አላት፤ ሴቱን ሁሉ በኦሮምኛ እንዲህ እያከበረ ነበር የሚጠራው።

«እንዴት አያመኝም? ወጋኸኝ እኮ!»

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አለ። እጇን፣ ክንዷን፣ እግሯን፣ ጆሮዋን ሳይቀር አየ፤ እዚህም እዚያም ወጋት። በተወጋች ቁጥር ጮኸች። «ሥጋ ደዌ ቢሆን አትሰሚውም ነበር። ይኼ የጥፍር ፈንገስ ነው፤ በእርጥበት የሚመጣ ሻጋታ በይው። አይገድልም፣ ጣት አይቆርጥም።»

«ይድናል?»

እዚህ ላይ ገቢሳ መደርደሪያውን አየ። ያለው አንድ ሰማያዊ ቀለም የመሰለ የሚቀባ መድኃኒትና ግማሽ ቆርቆሮ ቅባት ነበር። «የሚዋጥ ኪኒን አለው። ለእጅ ብዙ ወር፣ ለእግር ከዓመት በላይ ይዋጣል፤ ጥፍር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ለእኛ ግን አይላክም። እኔ ይኼን እቀባልሻለሁ፤ እጅሽን አድርቂ፣ ጫማሽን ፀሐይ ላይ አውጪ። ቢያንስ አይብስም።»

የወርቅውሃ ስለ ኪኒኑ ግድ አልነበራትም። ያሳሰባት ሌላ ነው። «እኔ ብቻ ነኝ ወይ እንዲህ የሆንኩት?»

«እንጃ» አለ ገቢሳ። አላየም ነበር። ለጥፍሩ ብሎ የሚመጣ በሽተኛ ስለሌለ የማንንም እግር ተመልክቶ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ወባ ብሎ የመጣውንም፣ ሳል ብሎ የመጣውንም፣ ልጇን ያዘለችውንም እናት «ጫማ ይውለቅ» ማለት ጀመረ። አንድ የተማሪ ደብተር አወጣና ያየውን ሰው ሁሉ አንዳንድ መስመር፣ ጥፍሩ የታመመውን ደግሞ መስቀል ምልክት አድርጎ ያዘ። ስም አልጻፈም። ሰዎቹ ግን ሲጽፍ አዩት።

የወርቅውሃ በየሳምንቱ ለሰማያዊው ቀለም ስትሄድ «ስንት ደረሰ?» ትለዋለች። አሥራ አንድ። ሃያ ሦስት። ሠላሳ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ልቧ ይሞቅ ነበር። በሰው በሽታ መደሰት ነውር ነው ብላ በመንገድ ላይ እግዜርን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በሳምንቱ ደግሞ መልሳ ትጠይቀዋለች። የመስከረም መጨረሻ ላይ ገቢሳ ደብተሩን ገለጠላት። መቶ ስልሳ ሰው አይቶ አርባ ሦስቱ ጥፍራቸው የእሷው ዓይነት ነበር።

«ከአራቱ አንዱ ማለት ነው» አለ። «አንዳቸውም ለዚህ ብለው አልመጡም። ከአንቺ በቀር።»

«ንገርልኝ» አለችው። «በስብሰባ ላይ ተነሥተህ ንገርልኝ።»

«በክሊኒክ የታየ በክሊኒክ ይቀራል፣ አዴ።»

«ስም አትጥራ። ቁጥሩን ብቻ። አርባ ሦስት መሆናቸውን ካወቁ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጣሉ? ይመጣሉ። የሺም ትመጣለች።» እጁን ይዛ ለመነችው። ገቢሳ ወጣት ነው፤ ቁጥር እውነት ከሆነ ሰው ይቀበለዋል ብሎ የሚያምንበት ዕድሜ ላይ ነበር። እሺ አላት።

የእሑዱ ስብሰባ በትልቁ ሾላ ሥር ተደረገ። የአምባው ሊቀመንበር መፈክሩን አሰምቶ፣ ስለ ማሽላው አረም ሁለት ሰዓት ተናግሮ ሲያበቃ ገቢሳ እጁን አወጣ። የወርቅውሃ ከሴቶቹ ጀርባ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ቆማለች። ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ቅቤ ተቀብታ ነበር የመጣችው። ሴቶቹ ከስብሰባው በኋላ ወደ እሷ ሲመጡ ጎስቋላ ሆና እንዲያገኟት አልፈለገችም።

ገቢሳ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። የየወርቅውሃ ሕመም ሥጋ ደዌ እንዳልሆነ፣ በመርፌ እንዳረጋገጠ፣ ከእርጥብ ጫማ የሚመጣ ነገር እንደሆነ አስረዳ። «ደግሞም እሷ ብቻ አይደለችም» አለ። «ክሊኒክ ከመጣው መቶ ስልሳ ሰው አርባ ሦስቱ አለበት። ጽፌ ይዤዋለሁ።»

መልካም ነገር ተናግሮ መጨረሻው ላይ ያቺን አንዲት ቃል ጨመራት። ጽፌ ይዤዋለሁ።

የወርቅውሃ ከኋላ ሆና የምታየው ጀርባቸውን ነበር፤ ጀርባቸው ሲደርቅ አየች። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ እግሩን መሬት ላይ ካለው ሣር ሥር ይወሽቅ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ተነሣ፤ «ዶክተር፣ የት ነው የጻፍከው?» አለ። ገቢሳ ደብተሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ስም የለበትም አባባ፤ ቁጥር ነው።»

«እኛም አገራችን ላይ መጀመሪያ ቁጥር ነበርን» አለ ሽማግሌው።

ሊቀመንበሩም ነገሩን ያበረደ መስሎት «ጉዳዩን ለበላይ አካል እናሳውቃለን፤ ዝርዝሩን አምጣ» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ቢባል ማንም አልሰማም። ዝርዝር። የበላይ አካል። በዚያ ሾላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ዝርዝር ምን እንደሆነ ያውቃል። ዝርዝር ከወጣ በኋላ መኪና ይመጣል፤ መኪና ከመጣ ባል ወደ አንዱ፣ ሚስት ወደ ሌላው ይጫናል። ሌላ አገር ያለ ገበሬ ሐኪም ሲጽፍ ቢያይ መድኃኒት ሊመጣልኝ ነው ይላል። እነዚህ ግን አንዴ ለእህል ተመዝግበው እዚህ የተገኙ ሰዎች ናቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ስብሰባው ተበተነ። ወደ የወርቅውሃ የመጣ ሰው የለም። ፀጉሯ ላይ ያለው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ ግንባሯ ላይ ወረደ፤ በዚያው ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ክሊኒኩ ባዶ ሆነ። በወባ ወር፣ በጥቅምት አፋፍ፣ ገቢሳ በሩን ከፍቶ ብቻውን ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዞ ሾላው ሥር ሄደና ሰው እያየው አቃጠለው። ያን ጊዜ ደግሞ «ግልባጩን ልኮታል» አሉ። ሴቶች ጫማቸውን ሳያወልቁ መተኛት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባምና ዳሱ ሳሳ፤ ሙስሊሞቹም ውዱእ የሚያደርጉት ወንዝ ዳር ሳይሆን በየቤታቸው በር ዘግተው ሆነ። አርባ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ስላልታወቀ ሁሉም አርባ ሦስቱን ሆነ።

የወርቅውሃ ይህን ሁሉ እያየች የምታስበው አንድ ነገር ነበር። ንገርልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት በገባ በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ከጎረቤት ጎጆ የአባይን ልቅሶ ሰማች። ልቅሶው የወትሮው አልነበረም፤ ይጀምርና መሐል ላይ ይደክማል። ከሰኔ ወዲህ የየሺሀረግን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆየች። ልቅሶው ሲቆም ግን ሮጣ ገባች።

የሺሀረግ መደቡ ላይ ልጁን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ ለማኅበሩ እርሻ ሲነጋ ወጥቷል። ቤቷ ውስጥ ናት፣ ግን ጫማዋን ተጫምታ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። የልጁ ዓይን ተገልብጦ ነጩ ይታያል።

«የሺ፣ እንደ ምጣድ ሆኗል እኮ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት በስቲያ። ሬት አጠጥቼዋለሁ፤ ይተወዋል።»

«ገቢሳ ጋ ይሂድ። ተነሺ!»

«ጫማሽን አውልቂ ይለኛል።»

«አይልሽም። ደብተሩንም አቃጥሎታል።»

«ግልባጩስ?» አለች የሺሀረግ። «ከጻፈኝ ይወስዱኛል የወርቄ። ሦስት ልጅ ቀብሬ ነው የመጣሁት፤ ይኼን ጥዬ የት ነው የምጫነው?»

የወርቅውሃ ያን ጊዜ ነው የገባት። ዓይኗ ወደ ጫማው ሄደ፣ ተመለሰ። እንዲያ እንኳ ሆኖ አልተናደደችም፤ ጊዜም አልነበራት።

«እሺ፣ አንቺ እዚሁ ቅሪ። እኔ ልውሰደው። እኔ አንዴ ታውቄያለሁ፤ ምን ይጨመርብኛል?» እጆቿን ዘረጋች።

የሺሀረግ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ግድግዳው ዞረች። «በዚያ እጅሽ ልጄን እንዳትነኪብኝ!»

«በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት!»

«ያኔ ደህና ነበር» አለች የሺሀረግ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ብትነጥቃት ኖሮ? ይህን ጥያቄ የወርቅውሃ እስከ ዛሬ ድረስ ታነሣዋለች። ጉልበት ነበራት። የሺሀረግ ሁለት ቀን ያልበላች፣ የደከመች ሴት ናት። ግን አራት ወር ሙሉ ሰው እጇን ሲሸሽ የኖረች ሴት፣ መጨረሻው ላይ እጇ ራሱ ይፈራል። ወደ ኋላ አለችና ዘወር ብላ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች።

ገቢሳ ቦርሳውን አንሥቶ ተከተላት። እሷ ቀድማ፣ እሱ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ከኋላዋ፣ በረድፉ መሐል ሲሮጡ ሰው ሁሉ ከየደጁ ያያል። የሺሀረግም በግድግዳው ስንጥቅ አየች። ያየችው የሚጽፈው ሰውዬ ሲመጣባት ነው። ልጁን ይዛ በጓሮ በር ወጣችና በቆሎው ውስጥ ገባች።

በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። «የሺ! የሺ!» እያሉ ረድፍ ለረድፍ ሲፈልጓት ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ያገኘቻት የወርቅውሃ ነች፤ በመጨረሻ የመራት ጫማ ነው። አንድ የሸራ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ እንደተቋጠረ። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ የሺሀረግ አንድ እግሯ ባዶውን ተቀምጣ ልጁን ትወዘውዘዋለች። የእግሯ ጥፍሮች አምስቱም ቢጫና ወፍራም ነበሩ፤ ከየወርቅውሃ ጥፍር የሚለዩበት ነገር አልነበረም።

ገቢሳ ልጁን የወባውን መርፌ እዚያው በቆሎው ውስጥ ወጋው። ልጁ አልጮኸም። ገቢሳ ትንሽ ጠበቀ፣ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለና ባርኔጣውን አወለቀ። የሺሀረግ ግን መወዝወዙን አልተወችም።

አባይን በማግስቱ ቀበሩት። ለቅሶ ላይ እናት ባዶ እግሯን ናትና እግሯን ሁሉም አየው። ያዩት ሴቶች ትንሽ ፈቀቅ፣ ትንሽ ፈቀቅ እያሉ ምንጣፉን ለብቻዋ ተዉላት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲሉም ተሰማ። ይህን ሲሉ ግን አንዳቸውም ጫማቸውን አላወለቁም።

በቀያቸው ልማድ ሐዘንተኛ ሹሩባዋን በራሷ እጅ አትፈታም፤ ሌላ ሴት ትፈታላታለች። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ የየሺሀረግን ሊፈታላት የተጠጋ የለም። ሹሩባዋ በእንባና በአፈር ተለውሶ እንደተሠራ ቀረ። ሹሩባውን የሠራችላት ሰገነት የምትባለው፣ ከየወርቅውሃ በኋላ ወስፌ ይዛ የተነሣችው ሴት እንኳ «እጄን አሞኛል» ብላ አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የየወርቅውሃ በር ተገፋ። የሺሀረግ ናት። መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን በየወርቅውሃ ጭን ላይ ጣለች።

«ፍቺልኝ» አለች።

«እጄ...» አለች የወርቅውሃ።

«ፍቺልኝ አልኩሽ። አሁን ምን ቀርቶኝ ነው የምፈራሽ?»

የወርቅውሃ ጣቶቿን ወደ ፀጉሩ ሰደደች። ከሰኔ ወዲህ የሰው ራስ ነክታ አታውቅም። ይህን ቀን ስትለምን ነው የከረመችው፤ የሺሀረግ ራሷን ይዛ ትመለስ፣ ጭኔ ላይ ትተኛ ብላ ነበር የተሳለችው። መጣችላት። የወርቅውሃ እንባዋ በተፈታው ፀጉር ላይ እየወረደ አንዱን ጉንጉን ከሌላው ለየች። የሺሀረግ አላለቀሰችም። አልቅሳ የጨረሰች ሴት ነበረች።

የዚያ ዓመት ወባ ክፉ ነበር። ሰው ክሊኒኩን ፈርቶ በቤቱ ተኝቶ አለቀ። ገቢሳን በኅዳር ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፤ ሲሄድ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ለየወርቅውሃ ሰጣት፤ እሱም በወሩ አለቀ። የአውራ ጣቷ ጥፍር እንደገና በቀለ፣ እንደገና ቢጫ ሆነ። ሴቶቹ ግን የሺሀረግን አይተው ነበርና፣ ልጅ ወይ ባል በሞተባቸው ቁጥር ሌላው ሲሸሻቸው፣ ወደ የወርቅውሃ ይመጡ ጀመር። ጓሮዋ እንደገና ታረመ። እንጨትም ተጣለላት። ለሰርግ፣ ለመስቀል፣ ለክርስትና ሹሩባ የሚፈልግ ወደ ሰገነት ይሄዳል። ለመፍታት የሚፈልግ ወደ እሷ።

ስለዚህ እስከ ዛሬ የወርቅውሃ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ትቀመጣለች። ከአንዱ ረድፍ ዋይታ የተሰማ እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ትነሣና እጇን ትታጠባለች። አውራ ጣቷን ግን ከሁሉም ይልቅ ደጋግማ ታደርቃለች፤ ገቢሳ እንዳላት።